አልነሳ ያለ ሞተር ሳይክል፦ ከጉና ግርጌ እስከ በሽሎ ሸለቆ

በደቡብ ጎንደር ወረዳዎች፣ በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ ሞተር ሳይክል በመጀመሪያ የሥራ መሣሪያ ነው፤ የግብርና ባለሙያው ወደ ቀበሌ የሚወርደው፣ የጤና ሠራተኛው የክትባት ሣጥን ይዞ የሚጓዘው፣ ነጋዴው ከዋናው መንገድ ርቆ ወደሚገኝ ገበያ የሚደርሰው በአብዛኛው በእርሱ ነው። ስለዚህ ማለዳ ላይ የማስነሻ አዝራሩ ሲጫን ዝም ያለ ሞተር ሳይክል የአንድ ሰው ችግር ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የሚጠብቅ ገበሬ፣ የሚጠብቅ ታማሚ፣ የሚጠብቅ ሸማች ከበስተጀርባው አለ። ዝምታው በተሰማ ጊዜ ደግሞ ፍርዱ ወዲያው የሚያርፈው ሞተሪኖ በሚባለው በማስነሻው ሞተር ላይ ነው፤ ይሁን እንጂ ሞተሪኖው ከባትሪ ተነሥቶ በብዙ ማያያዣዎች በኩል የሚያልፍ የኤሌክትሪክ መንገድ የመጨረሻ ማረፊያ ነውና፣ ከእርሱ በፊት ያሉት ሁሉ ሳይመረመሩ እርሱን መፍታት ከመጨረሻው ገጽ ተነሥቶ ክስ እንደመፍረድ ይቆጠራል። መለዋወጫው ከደብረ ታቦር ወይም ከባሕር ዳር በሚመጣበት አካባቢ የዚህ ስሕተት ዋጋ የዕቃው ብቻ ሳይሆን የጉዞውና የባከነው ቀን ጭምር ነው።

የአካባቢው መልክዓ ምድር ራሱ በችግሩ ውስጥ እጁ አለበት። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ከእስቴና ከጋይንት ራስጌ ቆሟል፤ የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ነፋስ መውጫ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ የስማዳ ቆላ ደግሞ ወደ በሽሎ ወንዝ ሲወርድ ከ1,500 ሜትር በታች ይደርሳል። የአየሩ ሙቀት በየአንድ ሺሕ ሜትር ከፍታ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ሴልሺየስ ያህል ስለሚቀንስ፣ በነፋስ መውጫ ማለዳ ውርጭ የመታው ሞተር ሳይክል በዚያው ቀን ቆላ ወርዶ አሥር ዲግሪ በሚሞቅ አየር ውስጥ ሊውል ይችላል። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚሁ ምድር፣ በጨጨሆ በኩል ነበር፤ ያን ጊዜ መንገዱ በሰው ጉልበት እየተቆረጠ ነበር የሚታለፈው። በደርግ ዘመን በቻይና እርዳታ የተሠራው የወረታና የወልድያ መንገድ የዚህን አቀበት አንድ መስመር ብቻ አለዝቧል፤ ከዚህ መንገድ በታች ጋይንት ወዳለችው አርብ ገበያና በስማዳ ወዳለችው ወገዳ፣ ከደብረ ታቦርም በእስቴ ወዳለችው መካነ ኢየሱስና ከዚያ ወዲያ ወዳሉት ቀበሌዎች የሚወርደው ተጓዥ ግን ብዙ ጊዜ በበጋ አቧራ፣ በክረምት መረሬ ጭቃ ይጠብቀዋል። ቅዝቃዜ፣ ሙቀት፣ አቧራና ጭቃ እያንዳንዳቸው ከማስነሻው መንገድ አንድ አንድ ቦታ መርጠው የሚያጠቁ መሆናቸው ከዚህ በታች ይታያል።

የማስነሻው አሠራር ሲታሰብ መነሻው ቀላል ነው። ቤንዚን የሚያቃጥል ሞተር በራሱ ኃይል መዞር ከመጀመሩ በፊት ሌላ ኃይል ሊያዞረው፣ ፒስተኑም አየርና ቤንዚን ስቦ ሊያምቅ ይገባል። ይህ ኃይል ለረጅም ጊዜ የሰው ክንድ ወይም እግር ነበር። አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግ ለካዲላክ መኪና የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ እ.ኤ.አ. ለ1912 በወጡት ሞዴሎች ላይ ከተገጠመ በኋላ ጉዳዩ ተለወጠ፤ ኢንዲያን የተባለው የሞተር ሳይክል ፋብሪካም እ.ኤ.አ. በ1914 ይህንኑ በሁለት ጎማ ላይ ሞክሮት ነበር፤ ሆኖም የዘመኑ ባትሪ ሸክሙን መቻል ስላቃተው ሙከራው ብዙ አልዘለቀም። የመጀመሪያው የሞተር ሳይክል ማስነሻ የወደቀው በባትሪው ምክንያት መሆኑ ዛሬም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው፤ ከመቶ ዓመት በኋላም ቢሆን ቀዳሚው ተጠርጣሪ አልተለወጠምና።

በዛሬዎቹ መለስተኛ ሞተር ሳይክሎች፣ ለምሳሌ በባጃጅ ቦክሰርና በመሰሎቹ፣ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሁለት የተለያዩ መንገዶችን ይመግባል። አንደኛው ቀጭን ሽቦ ያለው የትእዛዝ መንገድ ሲሆን፣ በፊውዝ፣ በዋናው ቁልፍ፣ በማጥፊያው፣ በማስነሻ አዝራሩና በደኅንነት ስዊቾች በኩል አልፎ ሪሌ የተባለችውን ትንሽ ዕቃ ይቀሰቅሳል። ሪሌ ማለት በጥቂት ኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ፣ ብዙ ኤሌክትሪክ የሚያገናኝና የሚያቋርጥ በር ነው። ሁለተኛው መንገድ ከባትሪው በወፍራም ገመድ ወደ ሪሌ፣ ከሪሌ ወደ ሞተሪኖ፣ ከሞተሪኖውም በሞተሩ አካልና በሻሲው በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስ ነው፤ ይህን የመመለሻ ግንኙነት የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ማሳ ይሉታል። በሁለተኛው መንገድ የሚያልፈው ኃይል በማስነሻው ቅጽበት በአሥሮች የሚቆጠር አምፔር ስለሆነ በፊውዝ አያልፍም። ከዚህ የሚከተለው ቀላል ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር፣ ፊውዝ ቢቃጠል የሚጠፋው ትእዛዙ እንጂ የሞተሪኖው ጉልበት አለመሆኑ ነው።

በየከተማው መንገድ ዳር ባሉት ትንንሽ ጋራዦች ማለዳ የሚደጋገመው ትዕይንት ከሚከተለው ብዙም አይርቅም። ባለቤቱ እየገፋ ይመጣል፤ ከኋላው ምክር የሚሰጡ ሁለት ሦስት ሰዎች ይከተሉታል፤ ፍርዱንም አብሮ ይዞ ይደርሳል።

«ሞተሪኖው ተቃጥሏል አሉኝ፤ ፈተህ ለውጥልኝ።»

«ቆይ ጋሼ፣ መጀመሪያ የፊት መብራቱን ያብሩልኝና አዝራሩን ይጫኑት።»

ወጣቱ መካኒክ መፍቻ ሳያነሣ የሚጠይቀው ይህ ጥያቄ ለተመልካች ተራ ቢመስልም ሙሉ ምርመራ ነው፤ መብራቱ ባትሪው ምን ያህል እንደተጫነበት የሚናገር ምስክር ሆኖ ያገለግላልና። አዝራሩ ሲጫን መብራቱ ሳይደበዝዝ ቀርቶ ምንም ድምፅ ካልተሰማ፣ ከባትሪው ኃይል የጠየቀ የለም ማለት ነው፤ ጥፋቱም በትእዛዙ መንገድ ላይ ይፈለጋል። መብራቱ ወዲያው ከደበዘዘና ሪሌው «ጠ-ጠ-ጠ-ጠ» እያለ ከተንተባተበ፣ ኃይል ተጠይቆ አልተገኘም፤ ባትሪው ደክሟል ወይም ማያያዣው ላልቷል። መንተባተቡ የሚመጣው ሪሌው በሩን በከፈተ ቁጥር የባትሪው ቮልት ወርዶ በሩን ራሱን መያዝ ስለሚያቅተው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ «ጠቅ» ብሎ መብራቱ እንደ ነበረ ከቀጠለ፣ በሩ ተከፍቷል፤ ኃይሉ ግን ወይ በሪሌው የተቃጠለ ውስጣዊ መገናኛ ላይ፣ ወይ በገመዱ፣ ወይ በሞተሪኖው ውስጥ ተቋርጧል። አንድ ጊዜ «ጠቅ» ብሎ መብራቱ እጅግ ከወደቀ ደግሞ ሞተሪኖው ሊያዞር እየታገለ ያልቻለው ነገር መኖሩ ይጠረጠራል፤ ያን ጊዜ ኪኩን በእግር ቀስ አድርጎ መጫን ይገባል፤ ኪኩም ካልወረደ ችግሩ የኤሌክትሪክ ሳይሆን የተያዘ ሞተር ነው። ሞተሪኖው እየጮኸ ሲዞር ሞተሩ ካልተንቀሳቀሰ ሌላ ታሪክ ነው፤ ከዚህ በታች ይመጣል።

ባትሪን በመልቲሜትር መለካት የብዙ ጋራዦች ልማድ ሆኗል፤ አለካኩ ግን ብዙ ጊዜ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። ሞልቶ ያረፈ ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ 12.6 ቮልት ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ያሳያል፤ 12.2 አካባቢ ሲሆን ግማሹን ያህል ጨርሷል፤ ከ12 በታች ከወረደ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ያረጀ ባትሪ በረት ውስጥ ጤነኛ መስሎ ጭነት ሲጫንበት የሚንበረከክ በቅሎ ነውና፣ እውነተኛው ልኬት አዝራሩ ተጭኖ ሳለ የሚነበበው ነው። በዚያ ቅጽበት ቁጥሩ ከ10 ቮልት ገደማ በታች ከወረደ፣ በተለይም ከ9.5 በታች ከሆነ፣ ባትሪው መጀመሪያ መሞላት፣ ተሞልቶም ያው ከሆነ መለወጥ አለበት። ቅዝቃዜ ይህን ያባብሰዋል፤ የእርሳስ ባትሪ በዜሮ ዲግሪ አካባቢ አቅሙን አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ የሞተሩም ዘይት በብርድ ስለሚወፍር የሚጠየቀው ጉልበት በዚያው ልክ ይጨምራል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ማለዳ አልነሳ ያለው ሞተር ሳይክል ከቀትር በኋላ ያለ ምንም ጥገና የሚነሳው በዚህ ምክንያት ነው፤ ባለቤቱም «ተሻለው» ብሎ ይተወዋል፤ ባትሪው ግን አልተሻለውም። የቆላው ጉዳት በሌላ መንገድ ይመጣል። ሙቀት በባትሪው ውስጥ ያለውን ኬሚካዊ ለውጥ ያፋጥናል፣ ውኃውንም ያተናል፤ በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀው ግምት የማያቋርጥ የአሥር ዲግሪ ጭማሪ የባትሪን ዕድሜ በግማሽ ገደማ ያሳጥራል የሚል ነው። ስለዚህ ባትሪው በስማዳ ቆላ ይጎዳል፣ ጉዳቱ ግን በጋይንት ደጋ ይገለጣል። ውኃው ከምልክቱ በታች የወረደ ባትሪ የሚሞላው በተጣራ የባትሪ ውኃ ብቻ ነው፤ የምንጭ ወይም የቧንቧ ውኃ የያዘው ማዕድን ሰሌዳዎቹን ይጎዳል፤ አሲድ መጨመርም አይገባም፤ ተንኖ የሄደው ውኃው እንጂ አሲዱ አይደለምና።

ባትሪው ጤነኛ ሆኖ ሞተሪኖው ሲያቃስት ቀጥሎ የሚመረመረው ማሳው ነው፤ በዚህ አካባቢ ደግሞ ከባትሪው ቀጥሎ አብልጦ መጠርጠር ያለበት ይኸው ይመስላል። ከባትሪው ኔጌቲቭ የሚወርደው ወፍራም ገመድ ከሞተሩ ወይም ከሻሲው ጋር በአንድ ብሎን ይታሰራል፤ ያ ብሎን ክረምቱን በጭቃ፣ በጋውን በአቧራ ተሸፍኖ ይከርማል፤ በጠጠር መንገድ መንቀጥቀጡ ያላላዋል፤ ወንዝ ውስጥ ቆሞ መታጠቡ ያዝገዋል። ከላይ ሲታይ የታሰረ ነው፤ ከሥሩ ግን ዝገት ከብረቱ መካከል ገብቷል፤ ዝገት ደግሞ ለመብራትና ለጥሩምባ የሚበቃ ጥቂት ኤሌክትሪክ እያሳለፈ ለሞተሪኖው የሚያስፈልገውን ብዙ ኤሌክትሪክ ያግዳል። ይህን ለማወቅ ፈትቶ ማየት እንኳ አያስፈልግም፤ የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ አድርጎ አዝራሩን መጫን ይበቃል። ሁለቱ በደንብ ከተገናኙ ንባቡ ወደ ዜሮ የቀረበ ይሆናል፤ ከግማሽ ቮልት በላይ ከሆነ በመካከላቸው የሚበላ ነገር አለ። ይኸው ፍተሻ ከባትሪው ፖዘቲቭ ራስ እስከ ሞተሪኖው መቀበያ ሊደገም ይችላል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ ፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ መፈግፈግ፣ አጥብቆ ማሰርና እርጥበት እንዳይገባ በላዩ ቫዝሊን መቀባት። በዚህ ሥራ የሚድን ሞተር ሳይክል አዲስ ሞተሪኖ ሲገጠምለት ማየት ያሳዝናል፤ ይበልጥ የሚያሳዝነው ግን ሌላ ነው፦ አዲሱ ሲገጠም ገመዶቹ ስለሚፈቱና ስለሚታሰሩ ማሳው ሳይታሰብ ይጸዳና ሞተር ሳይክሉ ይነሳል፤ ጥፋቱም እስከ መጨረሻው በአሮጌው ሞተሪኖ ላይ ተመዝግቦ ይቀራል።

በትእዛዙ መንገድ ላይ ያሉት ጥፋቶች አነስተኛ ግን አታላይ ናቸው። ብዙ ሞተር ሳይክሎች ካምቢዮው ነጻ ሳይሆን ፍሪሲዮኑም ካልተያዘ እንዳይነሱ የሚከለክሉ ስዊቾች አሏቸው፤ በአንዳንዶቹ ላይም ማቆሚያው ካልታጠፈ ሞተሩ አይነሳም። የማቆሚያው ስዊች ወደ መሬት የቀረበ ስለሆነ የእስቴ መረሬ በክረምት መጀመሪያ የሚያገኘው እርሱን ነው፤ ጭቃው ደርቆ ሲቀር ማቆሚያው ታጥፎ ሳለ ስዊቹ እንዳልታጠፈ ይቆጥራል። የነጻ ማርሹ አረንጓዴ መብራት ካልበራ ፍሪሲዮኑን ጨብጦ መሞከር፣ ማጥፊያው ሳይታወቅ ተነክቶ እንደሆነ ማየት፣ ፊውዙን አውጥቶ መመልከት የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ሪሌውን ለመለየት ልምድ ያላቸው መካኒኮች ሁለቱን ወፍራም ራሶቹን በካቻቢቴ ያገናኛሉ። ሞተሪኖው በኃይል ከዞረ ባትሪው፣ ገመዱና ሞተሪኖው ነጻ ይወጣሉ፤ ጥፋቱ በሪሌው ወይም ከእርሱ በፊት ባለው ነው። ዘዴው እውነት ይናገራል፤ አደጋም አለው። ካምቢዮው ነጻ ካልሆነ ሞተር ሳይክሉ ወደ ፊት ይዘላል፤ የደኅንነት ስዊቾቹ በዚህ መንገድ ተዘልለዋልና አያግዱትም፤ የሚፈነጥቀው እሳትም ካርቡሬተሩ ቤንዚን በሚያንጠባጥብበት ሁኔታ ቃጠሎ ሊያስነሣ ይችላል።

ይህ ሁሉ ታልፎ ብቻ ነው ሞተሪኖው የሚፈታው። በውስጡ ማግኔቶች በቆሙበት ቀፎ መካከል በመዳብ ሽቦ የተጠቀለለ ዘንግ ይዞራል፤ ኤሌክትሪኩ ወደሚዞረው ዘንግ የሚደርሰው በስፕሪንግ ተገፍተው ዘንጉ ላይ ባለው የመዳብ ቀለበት በሚፈገፈጉ ካርቦኖች ነው። ካርቦን እንዲያልቅ ተደርጎ የተሠራ ዕቃ ነው፤ ከአዲሱ ግማሽ ያህል ሲቀረው ስፕሪንጉ በደንብ ስለማይገፋው ሞተሪኖው አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን ዝም ይላል። ቀፎውን በመዶሻ እጀታ ቀስ ብሎ ሲመቱት የሚነሳ ሞተሪኖ ስለ ካርቦኖቹ ማለቅ እየመሰከረ ነው፤ ዘዴው ከበረሃ ቤት ያደርሳል እንጂ ጥገና አይባልም። ከካርቦኑ የረገፈው ጥቁር ዱቄት በመዳብ ቁርጥራጮቹ መካከል ያሉትን ስንጥቆች ሲሞላ ኤሌክትሪኩ ባልተፈለገ መንገድ ይሻገራል፤ ስለዚህ መዳቡ በላመ የብርጭቆ ወረቀት ይጸዳል፣ ስንጥቆቹም በቀጭን ነገር ይጠረጋሉ። ካርቦን ብቻ መለወጥ ከሙሉ ሞተሪኖ እጅግ ይረክሳል፤ የተቃጠለ ሽታ ያለው፣ የሽቦው ቫርኒሽ የጠቆረ ዘንግ ግን በካርቦን አይድንም። ሞተሪኖው ተመልሶ ሲገጠም ወደ ሞተሩ በሚገባበት ቦታ ያለውን የጎማ ቀለበት አለማየት ዘይት እንዲያፈስስ ያደርጋል።

ቀደም ሲል ለኋላ የተተወው ታሪክ፣ ሞተሪኖው እየጮኸ ሞተሩ የማይዞርበት፣ የአንድ አቅጣጫ ክላች ጥፋት ነው። ይህ ክላች ሞተሪኖው ሞተሩን እንዲያዞር እየፈቀደ፣ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ በፍጥነቱ ሞተሪኖውን እንዳያሽከረክረው የሚለይ ነው፤ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ሮለሮችና ስፕሪንጎቻቸው ሲያልቁ መጨበጥ ትተው ይንሸራተታሉ። ዘይት ሳይለወጥ ብዙ መንዳትና ለመኪና የተሠራ ማንሸራተቻ የተጨመረበት ዘይት መጠቀም ይህን ያፋጥናሉ። ጥገናው ማግኔቱን የተሸከመውን ቮላኖ ማውጣት ይጠይቃል፤ ቮላኖ ደግሞ በተሠራለት ማውጫ እንጂ በመዶሻ መውጣት የለበትም፤ ማግኔቱ ይሰነጠቃል፣ ዘንጉም ይጣመማል። መሣሪያው በሌለበት ጋራዥ ከማስፈታት በኪክ እያስነሡ እስከ ደብረ ታቦር መንዳቱ የተሻለ ነው።

ሞተሪኖው ሞተሩን በደንብ እያዞረ ሞተሩ የማይነሳበት ሁኔታ የማስነሻ ችግር አይደለም፤ ማስነሻውን የሚገድለው ግን እርሱ ነው። በ3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል በ30 በመቶ ገደማ ያነሰ በመሆኑ፣ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር በነፋስ መውጫ ከአየሩ ይልቅ ቤንዚኑን ያበዛል። ብርድ ነው ተብሎ ቾኩ እስከ መጨረሻው ሲሳብ ቤንዚኑ ይብስ ይበዛና ካንዴላው ይረጥባል፤ ነጂውም አዝራሩን እንደ ጨበጠ ይቀራል። ሞተሪኖ ለረጅም ሥራ የተሠራ አይደለም፤ አዝራሩን አምስት ሴኮንድ ያህል ተጭኖ ቢያንስ አሥራ አምስት ሴኮንድ ማሳረፍ ሽቦውንም ባትሪውንም ይጠብቃል። የረጠበ ካንዴላ አውጥቶ ማድረቅና ቾኩን ወደ ቦታው መልሶ፣ የነዳጅ መስጫውን እጀታ ጥቂት ከፍቶ መሞከር ብዙ ሞተሪኖዎችን ከመቃጠል ያድናል።

ደጋግሞ የሚደክም ባትሪ ያለው ሰው ደግሞ ስለ ባትሪው መሞላት ይጠይቅ። ሞተሩ ተነሥቶ ፍጥነቱ ሲጨምር በባትሪው ራሶች ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት መነበብ አለበት፤ ከዚህ ካነሰ የሚያመነጨው ጥቅል ሽቦ ወይም ሬጉሌተሩ ተበላሽቷል፤ ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩ ባትሪውን እየቀቀለው ነው። ጤነኛ የመሙያ ሥርዓትም ቢሆን ከቢሮ ገበያ፣ ከገበያ ቤት ለሚመላለስ ሰው በቂ ጊዜ አያገኝም፤ እያንዳንዱ ማስነሳት የወሰደውን ለመመለስ የተወሰነ ጉዞ ይጠይቃልና።

መለዋወጫ ለመግዛት ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ ሰው አሮጌውን ይዞ መሄዱ ይመከራል፤ የዘንጉ ጥርስ ብዛት፣ የሚታሰርባቸው ቀዳዳዎች ርቀትና የሚዞርበት አቅጣጫ በአንድ ስም በሚሸጡ ዕቃዎች መካከል እንኳ ይለያያሉ። አዲስ ሞተር ሳይክል የሚገዛ መሥሪያ ቤት ወይም ግለሰብ ደግሞ ከሁሉ በፊት ኪክ እንዳለው ቢያይ ይበጀዋል። ካርቡሬተር ያለው ሞተር ሳይክል ባትሪው ደክሞ እንኳ በኪክ ወይም ቁልቁል ተገፍቶ ሊነሳ ይችላል፤ ቁልቁለት ደግሞ በእነዚህ ወረዳዎች የሚታጣ ነገር አይደለም። በኤሌክትሮኒክስ ነዳጅ የሚረጩት አዳዲስ ሞዴሎች ግን የነዳጅ ፓምፑንና መቆጣጠሪያውን የሚያሠራ ጥቂት ቮልት ካልቀራቸው ቁልቁል ቢገፉም አይነሱም፤ ብዙዎቹም ኪክ የላቸውም። ነዳጅ ቆጣቢነታቸውና ከፍታን አውቀው ራሳቸውን ማስተካከላቸው ለደጋው እውነተኛ ጥቅም ነው፤ በወገዳና በበሽሎ መካከል ባትሪው ለሞተበት ነጂ ግን በጭነት መኪና ተጭኖ ከመመለስ ሌላ ምርጫ አይተዉለትም።